የቆላን ልጅ ፀሐይ ሲጠማው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ስለ ቪታሚን ዲ፥ ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ጤና በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)






የትምህርት ቤት በዓል ሲከበር ተማሪው ግጥም ያነባል፥ ይዘምራል፥ በሩጫም ይወዳደራል፤ ይህ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን ወላጆቻችን ከሩቅም ከቅርብም መጥተው በተሰበሰቡበት ቀን ከትምህርት ያገኘነውን አንድ ፍሬ ሳናስይዝ ባዶ እጃቸውን ብንሸኛቸው፥ የትምህርታችን ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ ከሳይንስ ትምህርታችን ውስጥ ለቤት የሚሆነውን መርጠን፥ ስለ ፀሐይ ብርሃንና ስለ ቪታሚን ዲ፥ በተለይም በአራስ ቤት ስላሉት እናትና ሕፃን ጥቂት እንናገራለን።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «በመተማ ቆመው ስለ ፀሐይ ጥቅም የሚያስተምሩን እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው? እኛ ያጣነው ጥላ ነው እንጂ ፀሐይ አይደለም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከጎንደር ደጋ ወርዶ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ለሚመጣ ሰው በመጋቢትና በሚያዝያ የሚቀበለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከመተማ እስከ ቋራ ያለው ቆላ የሰሊጥ፥ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ ታጭዶ የተከመረውን ሰሊጥ የሚያደርቀውም ይኸው ፀሐይ ነው። የሆነ ሆኖ የአገራችን ሰው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላል። ውሃ በደጅ ሲፈስ ቢውል፥ በእንስራ ተቀድቶ ካልተጠጣ ጥማትን አይቈርጥም። ፀሐይም በደጅ ሲያቃጥል ቢውል፥ ወደ ሰውነት ካልደረሰ ነገሩ እንዲሁ ነው። የዛሬው ንግግራችን ሁሉ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ይጠቃለላል።

ቪታሚን ማለት ሰውነት በጥቂቱ ብቻ የሚፈልገው፥ ሲያጣው ግን የሚታመምበት ንጥረ ነገር ነው። ቪታሚኖችን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኛቸው ከምግብ ነው። ቪታሚን ዲ ግን ከወንድሞቹ የተለየ ጠባይ አለው፤ አብዛኛውን የሚሠራልን የገዛ ቆዳችን ነውና። በቆዳችን ውስጥ ከስብ ወገን የሆነ አንድ ንጥረ ነገር አለ። በዓይን የማይታየው አልትራ ቫዮሌት ቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር ሲነካው ወደ ቪታሚን ዲ ይለወጣል። ከዚያም በደም አማካይነት ወደ ጉበት ይሄዳል፤ በጉበት አንድ ጊዜ፥ በኩላሊትም ሁለተኛ ጊዜ ተለውጦ ለሥራ ብቁ ይሆናል።

ዋና ሥራውም በምግብ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ፎስፎረስ የተባሉት ማዕድኖች ከአንጀት ወደ ደም እንዲገቡ መርዳት ነው። አጥንትን እንደ ቤት ብናስበው፥ ካልሲየም ድንጋዩ ነው፤ ቪታሚን ዲ ደግሞ ድንጋዩን ከበር ተቀብሎ ለግንበኛው የሚያቀብል ሠራተኛ ነው። አቀባዩ ከጠፋ ድንጋዩ በደጅ ተከምሮ ሳለ ቤቱ ሳይሠራ ይቀራል።

በምግብ በኩል ስብ ያለው ዓሣ፥ ጉበትና የእንቁላል አስኳል ቪታሚን ዲ ይገኝባቸዋል። በየቀኑ የምንመገበው እንጀራ፥ የማሽላ ገንፎ፥ ሽሮና ሰሊጥ በሌላ ነገር ጠቃሚዎች ቢሆኑም፥ በዚህ ቪታሚን በኩል ግን ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ዋናው ምንጭ ፀሐይ ነው። ይህን ጨረር ከቆዳ የሚከለክሉትን ነገሮች ማወቅም ተገቢ ነው። ጣራና ግድግዳ ይከለክሉታል፤ ወፍራም ልብስ ይከለክለዋል፤ የመስኮት መስታወት እንኳ ብርሃኑን አሳልፎ ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ደመናም ይቀንሰዋል። የእኛ ጥቁር ቆዳ ከሚያቃጥል ፀሐይ የሚጠብቀን የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ጨረሩን ስለሚያጣራ፥ የቆዳው ቀለም ፈካ ያለ ሰው በጥቂት ደቂቃ የሚያገኘውን ያህል ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ሕፃናት እግራቸው የሚንጋደድበት፥ ደረታቸው የሚጣመምበት በሽታ በዝቶ ሐኪሞችን አስጨንቆ ነበር። በሽታውም ሪኬትስ ተባለ። ኋላም ፋብሪካ ሲበዛና ጢሱ ሰማዩን ሲሸፍን፥ በጠባብ መንደር የሚኖሩት የሠራተኞች ልጆች ዋነኞቹ ተጠቂዎች ሆኑ። በ1822 እ.ኤ.አ. ሽኒያዴትስኪ የተባለ የፖላንድ ሐኪም በከተማ የሚኖሩ ልጆች በሪኬትስ ሲታመሙ የገጠሮቹ ግን ደኅና መሆናቸውን አይቶ፥ መድኃኒቱ ፀሐይ እንደ ሆነ ጻፈ። ብዙ ሰው ግን አላደመጠውም። በ1919 እ.ኤ.አ. ሜላንቢ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የምግብ ጕድለት በውሾች ላይ ሪኬትስ እንደሚያመጣና የዓሣ ጉበት ዘይት እንደሚከላከለው አሳየ። በዚያው ዓመት በበርሊን ሑልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም የታመሙ ልጆችን በአልትራ ቫዮሌት መብራት አዳነ። በ1922 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ማኮለም በዘይቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከቪታሚን ኤ የተለየ መሆኑን አስረዳ፤ ኤ፥ ቢ፥ ሲ አስቀድመው ተይዘው ስለ ነበር ተራው የዲ ሆነ። ዘይቱና ብርሃኑ አንድ ሥራ መሥራታቸው ለጊዜው እንቈቅልሽ ነበር፤ መልሱም አሁን የነገርናችሁ ነው፤ ዘይቱ ቪታሚኑን ተሸክሞ ይመጣል፥ ብርሃኑ ደግሞ በቆዳ ውስጥ ይሠራዋል።

እንግዲህ ወደ እናትና ወደ ሕፃኑ እንመለስ። በማኅፀን ያለ ሕፃን ፀሐይን አያይም። ስለዚህ ቪታሚን ዲ የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ከእናቱ ደም ብቻ ነው። ሐኪሞች የእትብትን ደም ሲለኩ የሕፃኑ መጠን ከእናቱ መጠን አንሶ፥ ከእርስዋም ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ሲል ያገኙታል። እናቲቱ ባለጸጋ ከሆነች ሕፃኑ ስንቅ ይዞ ይወለዳል፤ እናቲቱ ድኻ ከሆነች እርሱም ባዶ አቁማዳ ይዞ ወደዚህ ዓለም ይመጣል። ስንቅ ይዞ የተወለደውም ቢሆን ስንቁ የሳምንታት እንጂ የዓመታት አይደለም።

ከተወለደ በኋላስ? የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ በሽታን የሚከላከል ኀይልም በውስጡ አለ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ቢጫው እንገር ተጨልፎ የሚደፋ ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ክትባት የሚቈጠር ነው። ነገር ግን በጡት ወተት ውስጥ ያለው ቪታሚን ዲ ጥቂት ነው። ይህን ስንል «እንግዲያው ጡት ይቅር» ማለታችን አይደለም፤ ይህን የመሰለ ስሕተት ከቶ እንዳይደረግ አደራ እንላለን። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ብቻ መጥባት አለበት። የምንለው፥ ጡቱ የማይሰጠውን ይህን አንድ ነገር ፀሐይ ይስጠው፤ ፀሐይ ሊያገኝ ያልቻለውን ደግሞ ሐኪም ይርዳው ነው። በብዙ ባለጸጋ አገሮች ጡት ለሚጠባ ሕፃን ሁሉ በየቀኑ 400 ዩኒት ቪታሚን ዲ በጠብታ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም በቪታሚን ዲ ማነስና በተላላፊ በሽታ መካከል ያለው ዝምድና ነው። በዚህ ጕዳይ ከታወቁት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በገዛ አገራችን በአዲስ አበባ መሆኑን ስንማር ኵራት ተሰማን። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መረመሩ፤ ውጤቱንም በ1997 እ.ኤ.አ. (በ1989 ዓ.ም.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በሳምባ ምች ታመው ከተኙት 500 ሕፃናት መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ነበሩ። የሳምባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። በሌላ አነጋገር ከሕመምተኞቹ ከመቶ 42፥ ካልታመሙት ከመቶ 4 ማለት ነው። ሐኪሞቹ በዚህ አልረኩም፤ «ምናልባት ልዩነቱን ያመጣው የቤተ ሰቡ ብዛት፥ የቤቱ መጨናነቅ ወይም ጡት ብቻ የጠባበት ጊዜ ማጠር ይሆን?» ብለው እነዚህን ሁሉ በሒሳብ ለይተው አወጡ። ያም ሆኖ በሕመምተኞቹ ዘንድ ሪኬትስ የመገኘቱ ዕድል 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት በዓይን የሚታይ ነው። ሪኬትስ የያዘው ልጅ የጎድን አጥንቱ ለስላሳ ነው፤ ሲተነፍስ ደረቱ እንደሚገባው አይነፋም። ጡንቻውም ስለሚደክም አጥብቆ አይስልም። አክታውን ስሎ ማውጣት ያልቻለ ሳምባ፥ ጀርም ሲገባበት ማስወጫ በር የሌለው ጎተራ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ረቂቅ ነው። በደማችን ውስጥ ጀርም የሚበሉ ነጭ ሕዋሳት አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ሊቃውንት እንዳሳዩት፥ እነዚህ ሕዋሳት የሳምባ ነቀርሳን ጀርም ሲያገኙ ካቴሊሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ንጥረ ነገር ለመሥራት በደም ውስጥ ያለውን ቪታሚን ዲ ይጠቀማሉ፤ ቪታሚኑ ሲያንስ የሚሠሩት መሣሪያም ያንሳል። አስቀድሞም በ1903 እ.ኤ.አ. ፊንሰን የተባለው የዴንማርክ ሐኪም የቆዳ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ የኖቤል ሽልማት ተቀብሎ ነበር። አሮጌው ሕክምናና አዲሱ ምርምር ሁለቱም ወደ ብርሃን ማመልከታቸው የሚያስደንቅ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፥ በዚህ ቦታ ብናቆም ንግግራችን ያምር ነበር፤ ግን ግማሽ እውነት ይሆን ነበር። የሳይንስ ትምህርት ያስተማረን አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር፥ ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ተገኙ ብቻ አንዱ ሌላውን ወለደው ብሎ አለመፍረድ ነው። ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ያነጋው ግን ዶሮው አይደለም። ስለዚህ ሊቃውንት ቪታሚኑን ሰጥተው መፈተን ነበረባቸው። በአፍጋኒስታን ዋና ከተማ በካቡል ከ3,000 ለሚበልጡ ሕፃናት በየ3 ወሩ፥ ለእኵሌቶቹ 100,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ፥ ለእኵሌቶቹም ቪታሚን የሌለበት ጠብታ እየተሰጠ 18 ወር ተጠበቁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት፥ ቪታሚኑ የሳምባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳየ። በሞንጎሊያም ከ8,000 በላይ የሆኑ ተማሪዎች ለ3 ዓመት ተፈትነው በ2020 እ.ኤ.አ. እንደ ተገለጠው፥ ቪታሚኑን በየሳምንቱ መውሰድ በነቀርሳ ጀርም ከመያዝ አላዳናቸውም። የዓለም የጤና ድርጅትም ለእርጉዝ ሴቶች ሁሉ ቪታሚን ዲ በደንብ ይሰጥ አይልም፤ ጕድለት አለባቸው ተብሎ ለሚጠረጠሩት ግን በየቀኑ 200 ዩኒት መስጠት ይቻላል ይላል።

ታዲያ ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫልን? አይጋጭም። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው እንዲህ ነው፤ ቪታሚን ዲ የጎደለበትን ቤት ይሞላል እንጂ የሞላውን ቤት ግንብ አያደርገውም። አጥንቱ እስኪለሰልስ ድረስ የተራበውን ልጅ ከሪኬትስ ያድነዋል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ያልተራበውን ልጅ ግን ከበሽታ ሁሉ የሚጋርድ ጋሻ አይሆነውም። ስለዚህ በገበያ «ይህን መርፌ ካስወጋችሁት ልጃችሁ በሽታ አይነካውም» የሚል ነጋዴ ቢመጣባችሁ አትስሙት። ይህ ቪታሚን ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከመጠን በላይ አድርጎ ኩላሊትን ይጐዳል። ፀሐይ ግን ከመጠን በላይ ቪታሚን አትሰጥም፤ የበዛውን ራስዋ በቆዳ ላይ ታፈርሰዋለችና።

አሁን ወደ አገራችን ኑሮ እንግባ። ፀሐይ በሞላበት አገር ጕድለቱ እንዴት ይገኛል? ስለ ተማሪዎች የተሠራ አንድ ጥናት ይህን ያስረዳል። በአዳማ ከተማና በዙሪያው ባለው ገጠር ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 18 የሆኑ፥ እኛን የሚመስሉ 174 ተማሪዎች ተመርምረው ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። በጠቅላላው ከመቶ 42ቱ ቪታሚን ዲ አንሷቸው ተገኙ። ከከተማዎቹ ልጆች ከመቶ 62 ያህሉ፥ ከገጠሮቹ ግን ከመቶ 21 ያህሉ ነበሩ። ፀሐይዋ አንዲት ናት፤ ልዩነቱ በኑሮ ነው። ከብት የሚጠብቀው፥ ውሃ የምትቀዳው፥ በእርሻ የሚውለው ልጅ ሳያስበው ቪታሚኑን ይቀበላል፤ በቤትና በክፍል ውስጥ የሚውለው ግን በሀብት መካከል ይራባል። ይህን ትምህርት ለራሳችን ለተማሪዎችም እንውሰደው፤ መጽሐፍ ማንበብ ከጣራ ሥር ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለምና።

በጕልማሶቹ ዘንድ ይህ ከሆነ ደጅ በማይወጣው በአራስ ቤት ምን ይሆናል? በአባቶቻችን ልማድ አራስ ሴት ከቤት አትወጣም። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ በቤት ይጠበቃሉ። «ፀሐይ ከነካት ምች ይመታታል»፥ «ሕፃኑን ዓይን ያየዋል» ይባላል። በሩ ይጋረዳል፥ ሕፃኑም በጨርቅ ላይ ጨርቅ ይጠቀለላል። በመንደራችን ያሉ ሙስሊሞችም ጉሙዞችም የየራሳቸው የአራስ ሥርዐት አላቸው።

እኛ ትምህርት ቀመስን ብለን የአባቶቻችንን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣንም። መርምረን ስናየው በአራስ ቤት ሥርዐት ውስጥ ታላቅ ጥበብ አለ። እናቲቱ ከከባድ ሥራ ታርፋለች፤ ገንፎና አጥሚት ትመገባለች፤ ሕፃኑም ከገበያ፥ ከጕንፋንና ከብዙ ሰው ትንፋሽ ይለያል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በሽታን የመከላከል ኀይሉ ገና አልጠነከረምና፥ ይህ ልማድ ከተላላፊ በሽታ የሚጠብቅ እውነተኛ መከላከያ ነው። ነገር ግን በሩን ለእንግዳ ስንዘጋ አብረን ለብርሃንም ዘጋነው። በሩ ለሰው ብዛት ይዘጋ፤ ለብርሃን ግን ይከፈት። ከፀሐይ ምች ስንሸሽ ልጃችንን ለሳምባ ምች አሳልፈን እንዳንሰጠው ማስተዋል ይገባናል። ደግሞም ብዙ እናቶች ጧት ጧት ሕፃናቸውን ቅቤ ወይም ዘይት ቀብተው ፀሐይ ያሞቃሉ፤ ይህ ከሳይንስ ጋር የተስማማ የአገር እውቀት ነው። ቪታሚኑን የሚሠራው ብርሃኑ እንጂ ቅባቱ እንዳልሆነ ብቻ ይታወቅ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ምክር ለወላጆቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ እርጉዝ ሴት በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ክንድዋንና እግርዋን ፀሐይ ይንካት። ሌላ ሰው በማያይበት በግቢዋ አጥር ውስጥ ልታደርገው ትችላለችና፥ ይህ ከጨዋነትም ከሃይማኖትም አያጣላም። በተገኘ ጊዜ እንቁላልና ዓሣ ለእርስዋ ይቀመጥላት። በብዙ ቤት እንቁላሉ ወደ ገበያ ይሄዳል፥ የተረፈውም ለአባወራው ይቀርባል፤ ለሁለት ነፍስ የምትበላው ግን እርስዋ ናት።

ሁለተኛ፤ ሕፃኑ ከተወለደ ጥቂት ሳምንት ሲሆነው ጧት በ3 ሰዓት ገደማ፥ ሙቀቱ ሳይበረታ፥ እጁና እግሩ ተገልጦ፥ ራሱና ዓይኑ ተጋርዶ ፀሐይ ይሙቅ። በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 15 እና ወደ 20 ደቂቃ ይደርሳል። ሰዓት የሌለው ሰው ጥላውን ይመልከት፤ ጥላው ከቁመቱ እጅግ ከረዘመ ጨረሩ ደካማ ነው፤ ጥላው ከቁመቱ ጋር ወደ መተካከል ሲቀርብ ጨረሩ ይበቃል። በቀትር ግን ከቶ አይሁን፤ የመተማ ቀትር ለሕፃን ቪታሚን ሳይሆን የሰውነት ውሃ ማለቅ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ጊዜው ይጠር፥ ጡትም ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ጨረሩ በመስታወት ስለማያልፍ ከመስኮት ውስጥ ማሞቅ አይጠቅምም።

ሦስተኛ፤ የልጁ እርግብግቢት ሳይዘጋ የዘገየ፥ ጥርሱ ሳይበቅል የቆየ፥ የእጁ አንጓ ያበጠ፥ በጎድኑ አጥንት ላይ እንደ መቍጠሪያ የተደረደረ እብጠት የታየበት፥ ለመሄድ የዘገየ ወይም እግሩ የተንጋደደ እንደ ሆነ፥ «እያደር ይቃናል» ተብሎ አይተው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ቪታሚኑን በጠብታ ያስፈልገዋልና ሐኪም ይጠየቅ።

አራተኛ፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ የተነፈሰ፥ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ፥ ጡት መጥባት ያቃተው እንደ ሆነ ይህ የሳምባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ፀሐይ ማሞቅ መድኃኒት አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። በሕመሙ ላይ ያለፈች አንዲት ሌሊት ሕይወትን ትወስዳለች።

አምስተኛ፤ ፀሐይ ክትባትን አይተካም። የሳምባ ምችን ከሚያመጡት ዋና ዋና ጀርሞች ለአንዱ መከላከያ የሚሆነው ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል፤ ለሕፃናትም ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል። እትብት በንጹሕ ምላጭ ይቈረጥ፥ ቅቤም እበትም አይነካው፤ ሕፃኑን የሚያቅፍ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በቆላችን ወባና ካላ አዛር አሉ፤ ወባን የምታመጣው ትንኝ ካላ አዛርን የምታመጣውም የአሸዋ ዝንብ በጨለማ ይናከሳሉ። ቀን ብርሃን፥ ሌሊት አጎበር፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፥ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር እናስታውስ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ተሰዶ ገብቷል። ከእነርሱም መካከል እርጉዞችና አራሶች አሉ። ደግሞም ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች አሉ። እንግዳ መቀበል የዚህ ወሰን ጠባይ ነውና፥ ይህን ምክር ለጎረቤት ስንነግር ለመጻተኛዋ እናትም እንንገራት። ምክሩ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ! ይህ መተማ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስለ አገራቸው ሲዋጉ የወደቁበት ምድር ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ለእኛ ትውልድ የተሰጠው ጦርነት ጎራዴ የማይመዘዝበት ነው፤ ጠላቱ በጨለማ ቤት በሕፃን ደረት ላይ ይቀመጣል፥ መሣሪያውም እውቀት ነው። በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የተፈለገው ሐኪሙ በከተማ ተቀምጦ በሽተኛን እንዲጠብቅ ሳይሆን፥ ወደ ገጠር ወጥቶ በሽታን ከሥሩ እንዲነቅል ነበር። ከእኛም መካከል ሐኪም፥ አዋላጅና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለመሆን የሚፈልግ ብዙ ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ ለመጀመር ዲፕሎማ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ እያንዳንዱ ተማሪ ለእናቱ፥ ለታላቅ እኅቱ፥ ለአክስቱ ይህን አንድ ነገር በትሕትና ቢነግር፥ በነገው ጧት ስንት በር ለብርሃን ይከፈታል!

እናቶቻችን ሆይ! ከሁሉ በላይ ይህን የምንናገረው ለእናንተ ነው። በሆዳችሁ ተሸክማችሁ፥ በአንቀልባ አዝላችሁ ለዚህ ያደረሳችሁን እናንተ ናችሁ። እኛ በመጽሐፍ ያገኘነውን ብንነግራችሁ፥ ከእናንተ የበለጠ አዋቂዎች ነን ለማለት አይደለም፤ በእናንተ ገንዘብና በእናንተ ድካም የተማርነውን ለባለቤቱ ለመመለስ ነው። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይባል የለምን? በመጽሐፍ ቅዱስ እንደ ተማርነው እግዚአብሔር ከፍጥረት ሁሉ አስቀድሞ የጠራው ብርሃንን ነው። ይህን ስጦታ ያለ ዋጋ በየጧቱ በደጃችን ያወርደዋል፤ የእኛ ድርሻ መጋረጃውን መግለጥ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዓመታት ይኑርልን፤ የቆላችንንም ሕፃናት በጤና ያሳድግልን!